ፈረሱ ሌላ ስቴት፣ ገንዘቡ እዚህ
(በሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



በጥር ወር አንድ የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ላውረል ወዳለው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ሄጄ ነበር። ላውረል ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ ወደ ባልቲሞር ስትመላለሱ በአጠገቡ ታልፋላችሁ። ሜዳው ላይ በረዶ ተጋግሯል፤ ፈረስም ጋላቢም የለም። አዳራሹ ውስጥ ግን ሰው አለ። ጃኬታቸውን ሳያወልቁ በየጠረጴዛው የተቀመጡ ሰዎች፣ የፈረሶቹ ታሪክ በደቃቅ ፊደል የታተመበት ጋዜጣ፣ እስክሪብቶ፣ የቀዘቀዘ ቡና። ግድግዳው በቴሌቪዥን ተሞልቷል፤ በአንዱ ፍሎሪዳ ፀሐይ ወጥቷል፣ በሌላው ሉዊዚያና ይዘንባል።

ጥግ ላይ አንድ የአገራችን ሰው አየሁ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ መነጽራቸውን በግንባራቸው የሰቀሉ ሰው ናቸው። ሰላም ብያቸው ጎናቸው ተቀመጥኩ። ቲኬታቸውን በሁለት ጣታቸው ይዘው አንዱ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሩጫ የት ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ እኔ የማውቀው ቁጥር አራትን ነው» አሉኝ።

ቁጥር አራት ሦስተኛ ወጣ። ጋሼም ቲኬቷን አጥፈው በኪሳቸው ከተቷት።

ያ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጋሼ ገንዘባቸውን የሰጡት ሜሪላንድ ነው፤ ፈረሱ የሮጠው ሌላ ስቴት ነው፤ ሒሳቡን የሠራው ኮምፒውተር ምናልባት ሦስተኛ ስቴት ውስጥ ተቀምጧል። እሳቸው ይህን ማወቅ አይጠበቅባቸውም። ግን ስለ እሳቸው ሆኖ ሊያውቅ የሚገባው አካል አለ፤ እሱም መንግሥት ነው። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ከሌላ ቦታ በምስል በሚመጣ የፈረስ እሽቅድምድም ላይ የሚደረገውን ውርርድ መንግሥት እንዴት እንደሚቆጣጠረው ነው። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ውርርድ ቁማር ነው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ምን እንደሚሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔም በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ሆኖም ሕጉ የፈቀደው ነገር ስለሆነ፣ የእኛም ሰዎች ስላሉበት፣ ዓይናችንን ጨፍነን ማለፍ አንችልም።

በአሜሪካ የፈረስ ውርርድ በአብዛኛው ፓሪ ሙቱኤል በሚባለው ሥርዓት ይካሄዳል። ፈረንሳይ ውስጥ በ1860ዎቹ ያስጀመረው ጆሴፍ ኦለር ነው፤ ኋላ ላይ ፓሪስ ውስጥ ሙላን ሩዥ የተባለውን የጭፈራ ቤት ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የሆነው ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት ተወራራጁ ከቤቱ ጋር አይወራረድም፤ ተወራራጆች እርስ በርሳቸው ነው የሚወራረዱት። ገንዘቡ ሁሉ ወደ አንድ የጋራ ቋት ይገባል፤ ከዚያ ላይ በሕግ የተወሰነ ተቀናሽ ይነሳል፤ የቀረው ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል።

በቁጥር ላሳያችሁ። በአንድ ውድድር አንደኛ የሚወጣውን ፈረስ ለመገመት ብቻ ሰዎች 100,000 ዶላር ተወራረዱ እንበል። ተቀናሹ ከመቶ 17 ቢሆን 83,000 ዶላር ይቀራል። በቁጥር አራት ላይ የተያዘው 24,000 ዶላር ከሆነና ቁጥር አራት ካሸነፈ፣ ለእያንዳንዱ 1 ዶላር 3 ዶላር ከ45 ሳንቲም ይደርሳል፣ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። ነገር ግን ለረጅም ዘመን የኖረው ልማድ ክፍያውን ወደ ታች ወደ አሥር ሳንቲም ማጠጋጋት ነው። ስለዚህ ሰውየው የሚቀበለው 3 ዶላር ከ40 ነው። የቀረችው ከአምስት ሳንቲም ብዙም የማትበልጥ ፍርፋሪ በ24,000 ዶላር ላይ ስትሰላ 1,400 ዶላር ትሆናለች። ይህ እንግዲህ ከአንድ ሩጫ፣ ከአንድ ዓይነት ውርርድ ብቻ ነው። ፍርፋሪውን ማን እንደሚወስደው የሚወስነው የየስቴቱ ሕግ ነው። ኬንታኪ በ2022 ሕጓን አሻሽላ ክፍያው እስከ አንዲት ሳንቲም ድረስ ለተወራራጁ እንዲደርስ አድርጋለች። ለእኔ ይህ ትልቅ ሕግ ነው። ስለ ቁጥጥር ሲወራ ሰው የሚያስበው ፖሊስንና እስር ቤትን ነው፤ የዕለት ተዕለቱ ቁጥጥር ግን እንዲህ ያለችውን ሳንቲም መከታተል ነው።

አሁን ይህንን ቋት ወደ ሌላ ስቴት እንውሰደው። ላውረል አዳራሽ ውስጥ በፍሎሪዳ ሩጫ ላይ የተሰበሰበው ገንዘብ 2,000 ዶላር ብቻ ነው እንበል። ለብቻው ቋት ቢሆን አንድ ሰው 500 ዶላር ሲያስይዝ የሁሉም ሰው ክፍያ ይናወጣል። ስለዚህ ይህ ገንዘብ በኮምፒውተር አማካይነት ፍሎሪዳ ካለው ትልቁ ቋት ጋር ይቀላቀላል። ጋሼ ሁለት ዶላር ሲሰጡ ሜሪላንድ ውስጥ ከተቀመጠ ሰው ጋር ብቻ አይደለም የሚወራረዱት፤ ከፍሎሪዳው፣ ከኒውዮርኩ፣ ከካሊፎርኒያው ጋር ነው። ከየስቴቱ የሚመጣው ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፤ በሩን የሚጠብቁት ዘበኞች ግን የየስቴቱ ናቸው። የነገሩ ችግር በሙሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ እንዴት መጣ? በ1961 የወጣው የፌዴራል ሕግ የውርርድ ነጋዴዎች በሽቦ መስመር ከስቴት ወደ ስቴት ውርርድ እንዳያስተላልፉ ከለከለ። በ1971 ደግሞ የኒውዮርክ ከተማ ራሷ ከሜዳው ውጭ የፈረስ ውርርድ የሚቀበሉ ሱቆች ከፈተች። ሰው ወደ ሜዳው መሄድ ሳያስፈልገው በሰፈሩ ቲኬት መቁረጥ ጀመረ። ያን ጊዜ የሜዳ ባለቤቶችና የፈረስ ባለቤቶች ደነገጡ። ፈረስ የሚቀልበው አንዱ፣ ሜዳ የሚጠግነው አንዱ፣ ገንዘብ የሚሰበስበው ደግሞ ሌላ ስቴት ውስጥ የተቀመጠ ሦስተኛ ሰው ሊሆን ነው። አልተሳሳቱም። በሬውን ያልቀለበ ሰው እርሻው ላይ ድርሻ ሲጠይቅ ማን ዝም ይላል?

በ1978 ኮንግረስ የስቴቶች መካከል የፈረስ እሽቅድምድም ሕግን አወጣ። ሕጉ አጭር ነው፤ ያነሳው ሐሳብ ግን ዛሬም ያስተምራል። በግዛቷ ውስጥ ምን ዓይነት ቁማር እንደሚፈቀድ የምትወስነው እያንዳንዷ ስቴት ናት፤ የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ አንዷ በሌላዋ ጓዳ እንዳትገባ መጠበቅ ነው ይላል። ስለዚህ ከሌላ ስቴት በመጣ ሩጫ ላይ ውርርድ ለመቀበል ሦስት ፈቃድ ያስፈልጋል። አንደኛው ፈረሱ ከሚሮጥበት ሜዳ ባለቤት ነው፤ እሱም ቢሆን ከፈረስ ባለቤቶችና አሠልጣኞች ማኅበር ጋር በጽሑፍ ካልተስማማ ፈቃድ መስጠት አይችልም። ሁለተኛው ሩጫው ከሚካሄድበት ስቴት የእሽቅድምድም ኮሚሽን፣ ሦስተኛው ውርርዱን ከሚቀበለው ስቴት ኮሚሽን ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ከሜዳ ውጭ ውርርድ የሚቀበል ቤት በ60 ማይል ዙሪያ ካሉ፣ በዚያ ወቅት ሥራ ላይ ካሉ ሜዳዎች ሁሉ ይሁንታ ማግኘት አለበት። በ60 ማይል ውስጥ ሜዳ ከሌለ በአጎራባች ስቴት ያለውን የቅርቡን ሜዳ ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ የፈረስ ባለቤቶቹና የአሠልጣኞቹ ስምምነት ነው። ንጋት ሳይቀድ ተነስቶ ጋጥ የሚጠርገው፣ ፈረስ የሚያሸው፣ ሰኮና የሚያየው ሠራተኛ ደመወዙ የሚመጣው ከባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ የሚያገኘው ደግሞ ከሽልማቱ ነው። ሽልማቱ የሚሞላው ከተቀናሹ ላይ ነው። ምስሉ ያለ እነሱ ስምምነት ከሜዳው እንዳይወጣ ሲደረግ፣ ሕጉ ለዚያ ሠራተኛ እንጀራ አንድ ቃል ተናገረለት ማለት ነው። ቃሉ በቂ ነበር ወይ? አልነበረም። ሜዳዎች ምስላቸውን ለሌላ ስቴት ሲሸጡ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ዋጋ ከተወራረደው ከመቶ ሦስት ገደማ ነበር፤ ቀሪው ተቀናሽ ቲኬቱን በሚሸጠው በኩል ይቀር ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ሰዎች በዓመት ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ በፈረስ ላይ ሲወራረዱ፣ አብዛኛው ገንዘብ የሚመጣው ሩጫው ከሚካሄድበት ሜዳ ውጭ ካለ ሰው ነው። ሕጉ ሲወጣ ከዳር የነበረው ነገር ዛሬ መሐል ላይ ተቀምጧል።

በ2000 ሕጉ ተሻሽሎ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚደረገውን ውርርድ አካተተ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጥቅምት 26 ቀን 2002 ነው። ቺካጎ አጠገብ በነበረው አርሊንግተን ፓርክ ብሪደርስ ካፕ የሚባለው ታላቅ ውድድር ይካሄዳል። በዚያ ቀን ከነበሩት የውርርድ ዓይነቶች አንዱ ተከታታይ የስድስት ሩጫ አሸናፊዎችን በአንድ ቲኬት መገመት ነው። ቲኬቱ የሚቆረጠው የመጀመሪያው ሩጫ ሳይጀመር ነው። በየስቴቱ የሚቆረጠው ቲኬት ግን እልፍ ስለሆነ፣ ሌሎች ስቴቶች ወዲያው ወደ ቺካጎ የሚልኩት ዝርዝሩን ሳይሆን የገንዘቡን ድምር ብቻ ነበር። ዝርዝሩ የሚላከው አራተኛው ሩጫ ካለቀ በኋላ፣ ያልተሸነፉት ጥቂት ቲኬቶች ሲለዩ ነው። በመሐል ባሉት ሰዓታት ዝርዝሩ የተቀመጠው የውርርድ ኮምፒውተሮችን በሚያስተዳድር አንድ ኩባንያ ማሽን ውስጥ ነበር።

በዚያ ኩባንያ፣ ደላዌር ውስጥ፣ የሚሠራ አንድ ፕሮግራመር ይህን ክፍተት ያውቃል። በዩኒቨርሲቲ የሚተዋወቀው ጓደኛው ባልቲሞር ተቀምጦ፣ ኒውዮርክ ስቴት ባለ የርቀት ውርርድ ድርጅት በኩል በስልክ ቲኬት ቆረጠ። ዋጋው 1,152 ዶላር ነው። አራቱ ሩጫዎች አልቀው አሸናፊዎቹ ከታወቁ በኋላ ፕሮግራመሩ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የጓደኛውን ግምት በአሸናፊዎቹ ቁጥር ቀየረው። ለቀሪዎቹ ሁለት ሩጫዎች ሁሉም ፈረሶች ተይዘዋል፤ በአንዱ 8፣ በሌላው 12። ስለዚህ ማንም ቢያሸንፍ እነሱ አይሸነፉም።

ያጋለጣቸው ፈረስ ነው። በመጨረሻው ሩጫ ቮልፖኒ የሚባል፣ ማንም ያልጠበቀው፣ ግምቱ 43 ለ 1 የነበረ ፈረስ ቀድሞ ገባ። ብዙ ሰው የያዘው ፈረስ ቢያሸንፍ ኖሮ ሽልማቱ ለብዙ ቲኬት ተከፋፍሎ ማንም ልብ አይልም ነበር። ቮልፖኒ ሲገባ ግን በመላው አገር ስድስቱንም የገመቱት ስድስት ቲኬቶች ብቻ ሆኑ፤ እያንዳንዱ 428,392 ዶላር የሚከፈልበት። ስድስቱም የአንድ ሰው ነበሩ። በአራቱ ሩጫዎች አንድ አንድ ፈረስ ብቻ የያዘ፣ በሁለቱ ሁሉንም የያዘ፣ አንዱን ግምት ደግሞ ስድስት ጊዜ የደገመ ሰው። ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ ይሄ የሰው ውርርድ አይደለም አለ። ክፍያው ታገደ፤ ምርመራው ሲገፋ ሦስት ሰዎች ጥፋታቸውን አምነው ታሰሩ፤ ገንዘቡም ከስድስቱ አምስቱን በሐቅ ለገመቱ ሰዎች ተከፈለ።

እስቲ ስቴቶቹን ቁጠሯቸው። ሩጫው ኢሊኖይ፣ ቲኬቱ ኒውዮርክ፣ ማሽኑን የነካው ሰው ደላዌር፣ ቲኬት ቆራጩ ሜሪላንድ። ሦስቱ የሕግ ፈቃዶች በሙሉ ተሟልተዋል። የጎደለ ፊርማ አልነበረም። ኮሚሽኖቹ የሚያዩት ወረቀቱን ነበር፤ ገንዘቡ ያለው ደግሞ ማሽኑ ውስጥ ነው። በፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ ቁጥጥር በሩን ቆልፎ መስኮቱን ክፍት ትቶ እንደሚተኛ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ሳይዘገይ እንዲላክ፣ የማሽኖቹም ደኅንነት እንዲጠብቅ ለውጦች መጡ። መጡ ግን ዘግይተው ነው፤ ያመጣቸውም ጥንቃቄ ሳይሆን አንድ ያልታሰበ ፈረስ ነው። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ዛሬ የማሽኑ ጥያቄ መልኩን ቀይሮ ተመልሷል። በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚወራረዱ ትልልቅ ቡድኖች አሉ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በሺህ የሚቆጠር ውርርድ ወደ ቋቱ ያፈሳሉ፤ ብዙ ስለሚያስይዙም ከተቀናሹ ላይ ተመላሽ ይሰጣቸዋል። ጋሼ ቲኬት ሲቆርጡ 6 ለ 1 የነበረው ፈረስ፣ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ስክሪኑ ላይ 3 ለ 1 ሆኖ ያገኙታል። ሌባ የለም፤ ሕግ አልተጣሰም። ግን አንዱ ቋት ውስጥ ሙሉ ተቀናሽ የሚከፍል ሽማግሌና ቅናሽ የሚደረግለት ማሽን አብረው ይወራረዳሉ። አንዳንድ ሜዳዎች ሩጫው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀር እነዚህን ቡድኖች ከአንዳንዶቹ ቋቶች ማስወጣት ጀምረዋል። ደግ አደረጉ እላለሁ። ነገር ግን የሜዳው በጎ ፈቃድ ሊሆን አይገባውም፤ የኮሚሽኑ ደንብ መሆን ነበረበት።

ስለ ገንዘብ ክፍፍልም አንድ ነገር ልጨምር። ቅድም የጠቀስኳቸውን ሱቆች የሚያስተዳድረው የኒውዮርክ ከተማ የውርርድ ድርጅት የሕዝብ ንብረት ነበር። የውርርድ ቤት ሆኖ ሊከስር አይችልም ትሉ ይሆናል። ግን በ2009 የመክሰር አቤቱታ አስገባ፤ በታኅሣሥ 2010 ተዘጋ። ሕጉ ለስቴቱ፣ ለከተማውና ለሜዳዎቹ የሚሰጠውን ድርሻ ወጪው ሳይታይ አስቀድሞ ከተወራረደው ገንዘብ ላይ ያነሳው ነበር፤ የራሱ የአስተዳደር ወጪም ከባድ ነበር። ሁሉም ከአንድ ላም ያልባል፤ የሚቀልባት ግን የለም። ሆንግ ኮንግ በሌላ መንገድ ሄዳለች። የፈረስ ውርርድ መቀበል የሚችለው አንድ ለትርፍ ያልቆመ ክለብ ብቻ ነው። የውርርድ ታክሱ የሚሰላው ለአሸናፊዎች ከተከፈለው በኋላ በሚቀረው ላይ ሲሆን ከመቶ 72.5 ይጀምራል። ከውጭ በምስል የሚመጣው ሩጫም ቁጥሩ በመንግሥት ይገደባል። ሥርዓቱ ለአንድ ከተማ የተሰፋ ነው፤ ለሃምሳ ስቴቶች አይሆንም። ከውጭ የሚገባውን መጠን መገደብ እንደሚቻል ግን ያሳያል።

የ1978ቱ የአሜሪካ የፈረስ ሕግ ባሕር ማዶም ተሻግሮ ክርክር አስነስቷል። ያን ጊዜ ሕዝቧ መቶ ሺህ የማይሞላው አንቲጓና ባርቡዳ በ2003 አሜሪካን በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሰች። የእኔን የኢንተርኔት ውርርድ የምትከለክዪው ለሥነ ምግባር ብለሽ ከሆነ፣ የራስሽ ዜጎች በፈረስ ላይ ከስቴት ስቴት እንዴት ይወራረዳሉ አለቻት። በ2005 የይግባኙ አካል አሜሪካ ክልከላውን በአገር ውስጥና በውጭ አገር አቅራቢዎች ላይ በእኩል እንደምትጠቀም አላስረዳችም ሲል የጠቀሰው ይህንኑ የፈረስ ሕግ ነው።

ከሌላ ቦታ በሚመጣ ጨዋታ ላይ መወራረድ የአሜሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ወደ አገር ቤት ሄዳችሁ የመጣችሁ ቤቲንግ የሚባሉትን የውርርድ ቤቶች አይታችኋል። ወጣቶች በእንግሊዝ፣ በስፔን፣ በጣሊያን ጨዋታዎች ላይ ቲኬት ይቆርጣሉ። ጃን ሜዳ የፈረስ እሽቅድምድም ይካሄድ እንደነበር የሚያስታውሱ አባቶች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ፤ ያን ጊዜ ፈረሱም ተመልካቹም አንድ ሜዳ ላይ ነበሩ። ዛሬ ጨዋታው ማንችስተር፣ ገንዘቡ የመርካቶ ልጅ ኪስ ውስጥ ነው። ለዚያ ልጅም ጥያቄው ከጋሼ ጥያቄ አይለይም፤ ሒሳቡን የሚሠራውን ማሽን ማን ይፈትሸዋል? ከሚሰበሰበው ላይ ለሰፈሩ ኳስ ሜዳ ስንት ይደርሰዋል? አገር ቤት ሕግ የሚያረቅ ዘመድ ወይም ወዳጅ ያላችሁ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ላኩለት።

እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ ነገሩ ከበፊቱ ይበልጥ የእኛ ሆኗል። ከ1870 ጀምሮ የኖረው የባልቲሞሩ ፒምሊኮ ሜዳ፣ ፕሪክነስ የተባለው ታዋቂ ውድድር ሲሮጥበት የኖረው፣ ወደ ስቴቱ እጅ ገብቷል። የምክር ቤቱ አባላት በ2024 እሱን እንደገና ለመሥራትና አዲስ የፈረስ ማሠልጠኛ ለማቋቋም 400 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ እንዲሰበሰብ ፈቅደዋል። ሜዳው የስቴቱ ሆነ፤ ውርርዱን የሚቆጣጠረው ኮሚሽንም የስቴቱ ነው። ባለቤትና ተቆጣጣሪ አንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ በሩን ክፍት አድርጎ የሚያይ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል፤ ያም እናንተ ናችሁ። ግብር የምትከፍሉት ሁላችሁም፣ ቲኬት ቆርጣችሁ የማታውቁም ጭምር።

የሜሪላንድ የእሽቅድምድም ኮሚሽን ከ1920 ጀምሮ ያለ የመንግሥት አካል ነው፤ ስብሰባውም ለሕዝብ ክፍት ነው። ሄዳችሁ ተቀመጡ፤ መናገር ሲፈቀድ ጠይቁ። ከሌላ ስቴት በሚመጣው ሩጫ ላይ ከሚወራረደው እያንዳንዱ ዶላር ስንት ሳንቲም እዚህ እንደሚቀር፣ ፍርፋሪው ለማን እንደሚሄድ፣ ማሽኑ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተፈተሸ ጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸውን አባቶች ይዛችሁ ሂዱ፤ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አስተርጉሙላቸው።